የጌትነት የመጀመሪያ ፎርማ

ባሌን ጌትነትን የማያውቅ ሰው ጣና ዳር ፔዳ ሰፈር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሱን የማያውቅ ቢኖር በሩን ያውቀዋል። በሰፈራችን ካሉት ቤቶች የግማሹ በር የሱ እጅ ሥራ ነው፤ ሲዘጋ አይጮህ፣ ክረምት ሲገባ አያብጥ። እኔ አገርነሽ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን ፊት የኔ ሱቅ ነው፣ ጓሮው የሱ የእንጨት ቤት። ሠላሳ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሙያ ይዘን ስንኖር እሱ ወደ ስፌት መኪናዬ ተጠግቶ አያውቅም፣ እኔም ወደ መጋዙ። ሰላማችን የቆየው በዚሁ ይመስለኛል።

ሰውዬው ኩሩ ነው። ኩራቱን ከሙያው ጋር አብሮ ነው የተማረው፣ ከአለቃ መርስዔ ኀዘን። እሳቸው ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጣና ዳር ላሉ አብያተ ክርስቲያናት በርና መስኮት የሚሠሩ ትልቅ ባለሙያ ነበሩ። “ዓይን ያለው ሰው ልኬት አያበዛም” ይሉ ነበር አሉ። ጌትነት ይቺን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም በየቀኑ ይደግማታል። ሌላው አናጢ አንድ ዓይነት ቅርጽ ደጋግሞ መሥራት ሲፈልግ ከስስ ጣውላ ፎርማ ይቆርጣል፤ ፎርማ ማለት እኛ ልብስ ሰፊዎች ሞዴል የምንለው ነው፣ አንዴ በትክክል ቆርጠኸው ሌላ ጊዜ እሱን እየተከተልህ የምትሠራበት። ጌትነት ግን “ፎርማ ለሰነፍ ነው” ባይ ነው። እኔ በካርቶን የእጅጌ ሞዴል ስቆርጥ ባየኝ ቁጥር “እንዴ አገሬ! የሰው ክንድ እስካሁን አልለመድሽም?” እያለ ይስቅብኛል። ስቆ ስቆ አይሰለቸውም እኮ!

አምና ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ጆጉ ከእጁ ወደቀ። አንሣው ስለው እጁን አየው እንጂ አላነሣም። ሐኪም ቤት አደረስነው፣ ስትሮክ ነው አሉን። እመቤቴ አልጨከነችብንም፤ እግሩ በሦስት ወር ተመለሰለት። አፉማ ከሁሉ ቀድሞ ነው የተመለሰው፣ ገና አልጋው ላይ ሳለ የሐኪም ቤቱ በር ዘሞ ነው የተገጠመው ብሎ ሲነጫነጭ ነበር። ቀኝ እጁ ግን ቀረ። ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ታጥፈው ደረቁ። ትልቅ ነገር ከሆነ ይይዛል። መሮ ጨብጦ የእንጨቱን ጅማት እየተከተለ መቅረጽ ግን አልሆነም። ሞከረ፣ ሁለት ጊዜ መሮው ሾልኮ ጭኑ አጠገብ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ትራሱ ሥር አደረገው።

ሐኪም ቤት የጣት እንቅስቃሴ የምታሠራው ተስኒም የምትባል ልጅ አለች፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ትዕግሥቷ የጉድ ነው። “አባባ፣ ጣት የሚመለሰው ሲያሠሩት ነው። ከአንድ ሳህን ወደ ሌላው ባቄላ ይልቀሙ፣ በቀን ሦስት ጊዜ” አለችው። እሷ ፊት እሺ አለ። ቤት ሲገባ “በስተርጅናዬ ባቄላ ለቃሚ ልሁንልሽ?” ብሎ እኔው ላይ ጮኸ። አንድ ቀን ለምኜ ለምኜ ጀመረልኝና ተቻኩሎ ሳህኑን ገለበጠው። እኔም አፌ አያርፍ፣ “የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” አልሁት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አውቃለሁ።

ሰኞ ዕለት ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። የአንዲት ሚዜ ቀሚስ እየጠቀምሁ ሳለ መጥቶ “ለሰላህ ደውዬለታለሁ” አለኝ። ሰላህ ያገለገለ የሙያ ዕቃ እየገዛ ለሌላ ባለሙያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

“ለምኑ?” አልሁት።

“ቅዳሜ መጥቶ የእንጨት ቤቱን ዕቃ ይወስዳል። በሙሉ።”

መርፌው ጣቴ ላይ ተሰካ። ምን እንዳልሁት እዚህ አልደግመውም፣ ጎረቤት ሰምቷል ይበቃል። ግን ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። አባቴን አይቻለሁ። ሥራውን የተወ ዕለት ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፤ በዓመቱ ወንበሩ ወደ ቤት ገባ፤ ከዚያ አልጋ፤ ከዚያ አፈር። ጌትነትም እንዲያ ሊሆንብኝ ነው አልሁ። ዕቃው ከወጣ ሰውዬውም አብሮ የሚወጣ መሰለኝ።

ማክሰኞ ለተስኒም ደውዬ አለቀስሁባት። እሷም “እትዬ፣ ባቄላውን ካልወደዱት ገበጣ ያጫውቷቸው። ያው መልቀምና መበተን አይደል? ግን ጉድጓዱ ጣት የሚያስገባ ይሁን” አለችኝ። ወዲያው ወጥቼ አርባ ስምንት ብይ ገዝቼ መጣሁ፣ የሚያምሩ የመስታወት ብዮች። ገበጣው ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኋቸውና “ዕቃህን ከመሸጥህ በፊት አንድ ገበጣ ሥራልኝ” አልሁት።

“በየትኛው እጄ?”

“ዜማ በላከችልህ ማሽን።”

ልጃችን ዜማ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት ራውተር የሚሉትን ማሽን ልካለት ነበር። ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ አለው፣ ከሆዱ የሚወጣ ምላጭ እየተሽከረከረ እንጨቱን ይቦረቡራል። “ጫጫታ ነው” ብሎ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ገፍቶት ቀረ። አሁን ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁና “በዚህ ከሠራህልኝ ሰላህን ትመልሰዋለህ” አልሁት።

“ካልሠራሁስ?”

“ካልሠራህ እኔው ራሴ ተሸክሜ እጭንለታለሁ።”

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ባሌ ደግሞ እልኸኛ ነው። ትራሱን አንሥቶ ቁልፉን ወሰደ።

የማሽኑን መመሪያ በስልክ ዜማ አነበበችለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ብቻውን ከተለቀቀ እንደ ልቡ ይሄዳል። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ፎርማ እንጨቱ ላይ በሞርሳ ይታሰራል። ከማሽኑ ሥር ምላጩን የሚከብ የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ የፎርማውን ቀዳዳ ጠርዝ እየታከከ ይዞራል፣ ምላጩም ከፎርማው ውጭ መሄድ አይችልም። ሰውዬው የሚጠበቅበት እጀታውን መግፋት ብቻ ነው፤ ጣት ይደርቅ አይድረቅ ማሽኑ አይጠይቅም። ይኸን ሲሰማ ጌትነት ስስ ጣውላ መፈለግ ጀመረ። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

“ፎርማ ለማን ነበር ያልኸው?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብትይ ምን አለበት!”

ረቡዕ ፎርማውን ሠራ። ለበር ቁልፍ ቀዳዳ የሚያወጣበት ክብ መጋዝ አለው፣ እሱን ድሪሉ ላይ ገጥሞ በግራ እጁ ያዘ፤ እኔ ስሱን ጣውላ ወጥሬ ያዝሁለት። ገበጣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ነውና አሥራ ሁለት ቀዳዳ ሊያወጣ ተነሣ። “ስድስት ይበቃሃል” አልሁት። “እኛ ሸሚዝ ስንቆርጥ ጨርቁን አጥፈን ነው። አንዱን ረድፍ ሥራና ፎርማውን ገልብጠህ ሌላውን ድገምበት።” ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስድስት ላይ አቆመ።

ሐሙስ መብራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠፍቶ ዋለ። እንደመጣ የዋንዛውን ሳንቃ አሰርንና ማሽኑን አስነሣ። እኔ የሶኬቱ ዘበኛ ነበርሁ፤ እጄን ሶኬቱ ላይ አድርጌ፣ ትንሽ ቢያንገዳግደው ልነቅል። በስማም! ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፣ ሰጋቱራው ፊቴን አለበሰኝ። እሱ ግን ግራውን አጥብቆ፣ ቀኙን እጀታው ላይ ጣል አድርጎ እየገፋ ዞረ። አንድ ጉድጓድ ወጣ፣ ሥሩ እንደ እንቁላል ቂጥ የከበበ። ሁለት። ሦስት። አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍቶ “አየሽ?” አለኝ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ፣ እንባዬ ሁሉ መጣ።

ደስታችን ግን እዚያው ቀረ። አራት ብይ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሬ “ልቀም” አልሁት። ቀኝ እጁን ሰደደ። ጣቶቹ አልገቡም። አጣመመ፣ ገፋ፣ ጫፋቸው ብቻ ገብቶ ብዮቹ ሥር ለሥር ተሽሎከለኩበት። ፎርማውን አንሥቶ ቀዳዳውን ከጉድጓዱ ጋር አስተያየው። ጉድጓዱ ጠቧል።

“እጄ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “በደንብ አልገፋሁትም። ፎርማ ይዤም አልቻልሁም።”

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የእንጨት ቤቱን ወለል በግራ እጁ ጠረገና ለሰላህ ደውሎ “ቅዳሜ በጠዋት ና” አለው።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ሳንቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልሁ። ልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፣ ሳስበው ሳላስበው መለካት ጀመርሁ። አንደኛው ጉድጓድ ከፎርማው ቀዳዳ ዙሪያውን የጥፍር ያህል ይጠባል። ሁለተኛው ያንኑ ያህል። ስድስተኛውም፣ አሥራ ሁለተኛውም ያንኑ ያህል፣ አንዲት ክር አይበልጥ፣ አያንስ። የሚሳሳት እጅ ደግሞ እንዲህ እኩል አይሳሳትም! ለጀማሪ ሰፊ ሥራ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ የሰነፍ እጅ አንዱ ጋ ያጠባል፣ አንዱ ጋ ያሰፋል። ማሽኑን ገልብጬ ቀለበቱን አየሁት። ጠርዙን የሚታከከው ቀለበቱ ነው። ምላጩ ያለው ከቀለበቱ ውስጥ ነው። በመካከላቸው የጥፍር ያህል ቦታ አለ።

ብድግ ብዬ ሮጥሁ።

“ጌትነት! ለስፌት አልተውህለትም!”

“ምን?”

“ለስፌት! እኔ እጅጌ በክንዱ ልክ ከቆረጥሁ፣ ስሰፋው የስፌቱ ትርፍ ገብቶ ይጠባል። ሰውየው ክንዱን አያስገባበትም። ስለዚህ ዙሪያውን ለስፌት አተርፋለሁ። ቀለበቱ ይኸን ያህል ይበላብሃል፣ አንተ ደግሞ ፎርማህን በልኩ ቆረጥህ። እጅህ ምንም አላጠፋም፣ እጅህማ አሥራ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሠራው!”

ተነሥቶ ሄደ። ቀለበቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ዞር፣ ዞር አደረገው። “አለቃ ይኸን አላስተማሩኝም” አለ በመጨረሻ።

“አለቃ ልብስ አይሰፉማ።”

ሳቀ። ወይ ጉድ፣ ጌትነት በራሱ ሙያ በኔ ተረትቶ ሳቀ!

አርብ የሚዜዋን ቀሚስ አስቀምጬ ፎርማውን እኔ ቆረጥሁ። የትልቁን ብርጭቆ አፍ ደፍቼ ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ አሰመርሁ፣ ከዚያ ለቀለበቱ የሚገባውን የጥፍር ያህል ጨምሬ ሌላ መስመር አዞርሁበት፣ በቀጭን መጋዝ ቆርጬ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ “ቀስ! ኧረ ቀስ በይ፣ ጣውላ ነው እኮ፣ ቡታንቲ አይደለም!” ይለኛል። “ደንበኛ ዝም ብሎ ይጠብቃል” አልሁት። ከሰዓት በኋላ አዲስ ሳንቃ አስረን እሱ ቦረቦረ፣ እኔ ሶኬቴን ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ሳትወርድ አልቆ ኑግ ዘይት ተቀባ። እጁን ሰደደ፣ ጣቶቹ ገቡ። ከአራቱ ብይ ሦስቱን ይዞ ወጣ። አንዷ አመለጠችው፣ ሰደባትና እንደገና ገባላት።

ቅዳሜ ሰላህ ሲመጣ ገበጣው ላይ አገኘን። “አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሼ ጌትነት! ሥራ ሊሰጡኝ ነው ወይስ ጨዋታ?” አለ። ጌትነት አስቀመጠውና ገጠመው። እያንዳንዷን ተራ ቀስ ብሎ፣ በቀኝ እጁ። ሰላህ አንዴ ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ “ተው! የራስህን ልቀም” ብሎ ቆጣ አለው። ተሸነፈም፣ ግን ደስ ብሎት ነው የተሸነፈው።

“ታዲያ ጋሼ፣ ዛሬ በባዶዬ መመለሴ ነው?” አለ ሰላህ።

እኔ “አዎ” ልል አፌን ከፈትሁ። ውላችን ውል ነው። ጌትነት ግን ተነሥቶ ወደ እንጨት ቤቱ ገባና በቆዳ የተጠቀለሉትን መሮዎች ይዞ ወጣ። አለቃ መርስዔ ኀዘን ሲሞቱ ለሱ ያወረሷቸውን፣ ዘጠኙንም።

“ማሽኖቹ ይቀራሉ። እነዚህን ውሰድ” አለው።

“አታደርገውም!” አልሁ። “እነዚህንማ አትሰጥም! እጅህ ይመለሳል፣ አየኸው እኮ፣ ትናንትና ሦስት፣ ዛሬ አራት…”

“አገሬ።” እጄን ያዘኝ፣ በዚያው በቀኙ። “ለብይ ይመለሳል። ለመሮ አይመለስም። ተስኒም ከነገረችኝ ሁለት ወር ሆነ። ላንቺ እንዳትነግርሽ የለመንኋት እኔ ነኝ።”

ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ይዞት ኖሯል። እኔ ባቄላ ልቀም እያልሁ ስነዘንዘው፣ ስተርትበት፣ እሱ ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዕቃ ልሽጥ ያለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መሮዎቹ ጓሮ ተቆልፎባቸው እያሰባቸው መዋል ስላቃተው ነው። አለቀስሁ። እሱ አላለቀሰም።

“አለቃ የሰጡኝ እንድሠራባቸው ነው” አለ ለሰላህ። “ጥሩ እጅ ላለው ስጣቸው። ዝም ብሎ ዕቃ ለሚሰበስብ አትስጥ።”

“ወላሂ ጋሼ፣ ራሴ እጁን አይቼ ነው የምሰጠው” አለ ሰላህ። ቆዳውን እንደ ሕፃን ታቅፎት ሄደ።

ግቢው ጭር አለ። ጌትነት ብዮቹን ወደየጉድጓዳቸው አራት አራት እያደረገ መለሳቸው፣ ጊዜ ወሰደበት፣ እኔም አላገዝሁትም። ሲጨርስ “ትናንት ማታ ስደውልላት ተስኒም ለበሽተኞቿ ሦስት ገበጣ ጠይቃኛለች። ከኔ የባሰ እጅ ያለው አለ፣ ጉድጓዱ ሌላም መስፋት አለበት” አለ። “ሞዴሉን አንቺ ትቆርጭልኛለሽ?”

ፎርማ አላለም፣ ሞዴል አለ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ በሥራው ገብተሽ አግዥኝ ብሎኝ አያውቅም።

“ደንበኛ አለብኝ፣ የሚዜዋ ቀሚስ ገና ነው” አልሁት እንባዬን እየጠረግሁ። “ሰኞ መጥተህ ወረፋ ያዝ።”

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት፣ ሚዜዋና እናቷ ቆመዋል። ከነሱ ኋላ ጌትነት ተሰልፏል፣ ጣውላውን ታቅፎ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ።